የእንግዳ ውኃ

ከሜሪላንድ ለፋሲካ አዲስ አበባ የገባው የሂሳብ ባለሙያ፣ ጉለሌ በሚገኘው የእናቱ ቤት ካደረበት የመጀመሪያ ሌሊት ሲነቃ ከራስጌው ባለ ሁለት ሊትር የታሸገ ውኃ ተቀምጦ አገኘ። ወደ ማጀት ሲዘልቅ ስድስት ስድስት ሆነው በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት እሽጎች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ከእነሱ አጠገብ አንድ ሰማያዊ በርሜልና ሦስት ቢጫ ጀሪካኖች አሉ። ከጀሪካኑ ቀድቶ ሊጠጣ ብርጭቆ ሲያነሣ እናቱ ከኋላው ደርሰው እጁን ያዙት። «ተው ልጄ፣ ይኼ አይስማማህም። ያንተን ውኃ ለይቼ አስቀምጬልሃለሁ» አሉት። እሳቸው ግን ከጀሪካኑ ቀድተው ጠጡ፤ ትምህርት ቤት ለመሄድ የሚጣደፉት የእህቱ ልጆችም እንዲሁ።

እንግዳው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አገር እስኪለቅ ድረስ ከዚያው ቧንቧ እየጠጣ ያደገ ሰው ነው። በሜሪላንድም የሚጠጣው ከቧንቧ ነው። የታሸገ ውኃ የዘወትር መጠጡ የሆነው በተወለደበት ቤት በእንግድነት ሲቀመጥ ብቻ ነው። ውሎ አድሮ የቤቱን ሥርዓት ተረዳ። ለእንግዳ የታሸገ፣ ለእህቱ ሕፃን የፈላ፣ ለአዋቂና ለተማሪ የጀሪካን፣ ለልብስና ለዕቃ የበርሜል ውኃ ይቀርባል። አራቱም ከአንድ ከተማ የተገኙ ናቸው፤ የሚለያቸው ቤተሰቡ በእያንዳንዱ ላይ ያለው እምነት ነው። በበዓል ገንዘብ ላይም አንድ ነገር ታወቀው። ለበግ መግዣ ብሎ ከላከው ውስጥ ከፊሉ ለእሱው መጠጫ ውሎ ነበር።

የኢትዮጵያ የለስላሳና የታሸገ ውኃ ገበያ ሲነሣ የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው። ከተሞች እየሰፉ ናቸው፤ ሕዝቡ ወጣት ነው፤ መካከለኛ ገቢ ያለው ክፍል እያደገ ነው፤ ስለዚህ ፍላጎት ይጨምራል። ይህ ትንታኔ ሐሰት አይደለም፤ ለባለሀብት የሚቀርብ የአዋጭነት ጥናትም ከዚህ ርቆ አይሄድም። ነገር ግን የጉለሌዋን ማጀት አያስረዳም። የእናቲቱ ኑሮ ባለፉት ዓመታት ከፍ አላለም፤ ይልቁንም ጠቧል። እሽጎቹን ያስገዛቸው የገቢ ማደግ ሳይሆን ሥጋት ነው።

ነገሩን በትክክል ለማየት ከፕላስቲኩ በፊት ወደነበረው ዘመን መመለስ ይጠቅማል። የአምቦ ማዕድን ውኃ በጠርሙስ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። አምቦ ከምንጩ ይዞት የሚወጣው ጋዝና ማዕድን ነበር ገዢውን የሚስበው። ሆድ የከበደው ሰው፣ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው፣ እንግዳ ያለበት ሰው ይገዛዋል። አምቦ የተፈለገው ከቧንቧ ውኃ ስለሚለይ ነው። ኮካ ኮላና ፔፕሲም በ1950ዎቹ ዓ.ም. እዚያው አገር ቤት መታሸግ ከጀመሩ በኋላ ቦታቸው ከዚህ ብዙም አልራቀም። ለስላሳ የማክበሪያ መጠጥ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ወደ ሱቅ ይሮጣል፤ ባዶ ከሌለው ማስያዣ ይከፍላል፤ ወይም ጠርሙሱን እዚያው ቆሞ ጠጥቶ ይመልሳል። የብርጭቆው ጠርሙስ የፋብሪካው ንብረት ስለነበረ መጠጡን ከሱቁና ከሰፈሩ ጋር አስሮት ኖሯል። ፍላጎት የሚለካውም ሰፈሩ ባለው ባዶ ሣጥን ልክ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፕላስቲኩ ይህን ማሰሪያ በጠሰው። የማይመለስ ጠርሙስ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል፣ አውቶቡስ ተራ ይሸጣል፣ እርሻ ማሳ ድረስ ይሄዳል። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በፊት ስሙ የገነነው «ሃይላንድ» የተባለው ውኃ ለዚህ ለውጥ ስሙን እስከ መስጠት ደረሰ። ዛሬም የማንኛውም ፋብሪካ ጠርሙስ በብዙ ሰው አፍ «ሃይላንድ» ነው። በየአውራ ጎዳናው ዳር የሚጠብቁ የገጠር ልጆች መኪና ባለፈ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ሲሮጡ የሚለምኑት ውኃ አይደለም፤ ባዶውን ዕቃ ነው። ባዶው ለዘይት፣ ለላምባ፣ ለአረቄ፣ ለወተት፣ ለጠበል ይሆናል። ከተማ ውስጥም ቆራሌው ሰብስቦ ይሸጠዋል። አንድ ዕቃ ሁለት ገበያ ሲኖረው፣ አንዱ ለሞላው ሌላው ለባዶው ማለት ነው፣ በሽያጭ አኃዝ ውስጥ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

እህቱ ከቤቱ በር አጠገብ አነስተኛ ሱቅ አላት። እንግዳው ሥራ ፈትቶ እዚያ በተቀመጠባቸው ቀናት ገበያውን ከማንኛውም ዘገባ በተሻለ አስተማረችው። በዐቢይ ጾም ብዙ ሰው ከአልኮል ስለሚታቀብ ለስላሳ ይነሣል፤ በረመዳን ደግሞ ማታ ማታ ይነሣል። እንደ ሶፊ ያለው ማልት አራስ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ይገዛዋል፤ ወተት ይጨምራል ተብሎ ስለሚታመን። ግማሽ ሊትር ውኃ ለመንገደኛ ነው። ባለ ሁለት ሊትሩ እሽግ ግን ሁለት ዓይነት ገዢ አለው፤ ከውጭ ሰው የመጣበት ቤትና ለቅሶ ደራሽ። ለቅሶ ቤት አንድ እሽግ ውኃ ይዞ መግባት ዛሬ ነውር የሌለበት፣ እንዲያውም የሚጠበቅ ነገር ሆኗል። ቀድሞ ጎረቤት እንስራ ተሸክሞ፣ እድርተኛ ውኃ ቀድቶ የሚወጣውን ግዴታ አሁን ፋብሪካ ይወጣዋል።

«በሽታ ተሰማ ከተባለ ደግሞ ሁሉም ሰው ለጥቂት ሳምንት እንግዳ ይሆናል» አለችው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በተለምዶ አተት የተባለው ወረርሽኝ፣ አዲስ አበባን ባስጨነቀ ጊዜ የሆነውን እያስታወሰች ነው። ወረርሽኙ አለፈ። ልማዱ ግን ሙሉ በሙሉ አላለፈም፤ ያኔ ለልጆቻቸው ውኃ መግዛት ከጀመሩት መካከል አቅም ያላቸው እስካሁን ይገዛሉ።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት መለኪያ አንድ ሰው «በአስተማማኝ ሁኔታ የቀረበ» የመጠጥ ውኃ አለው የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ውኃው በግቢው ውስጥ መገኘት፣ በተፈለገ ጊዜ መኖርና ከብክለት የጸዳ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ይህን የሚያሟላ ውኃ የነበረው ሕዝብ 13 በመቶ ገደማ ነበር። የታሸገውን ውኃ በዚሁ መለኪያ ላስቀመጠው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ጠርሙሱ ከአልጋ ራስጌ ይቀመጣል፤ ሌሊትም ይገኛል፤ ክዳኑ ካልተሰበረ ይታመናል። ሸማቹ ከፋብሪካው የሚገዛው እነዚህን ሦስት ቃል ኪዳኖች ነው። አምቦ ከቧንቧ ስለሚለይ ይገዛ ነበር፤ ጋዝ የሌለው ውኃ የሚገዛው ግን ቧንቧው መሆን የነበረበትን ስለሆነ ነው። ሁለቱን በአንድ «የታሸገ ውኃ» ሰንጠረዥ ውስጥ ደምሮ ዕድገት ማስላት ልዩነቱን ይደብቃል።

በቧንቧው ላይ የሚነሣው ጥርጣሬ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ከለገዳዲ ማጣሪያ የሚወጣ ውኃ ታክሞ የሚወጣ ነው። ችግሩ የሚብሰው ፈረቃው ላይ ነው። ውኃ ሲቋረጥ በመስመሩ ውስጥ ግፊት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ወደ ውስጥ የሚገባበት ዕድል ይከፈታል። ቤተሰቡም እስኪመጣ ድረስ በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅማል፤ የተጠራቀመ ውኃ በእጅና በጣሳ ይነካካል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ንጹሕ ውኃ ቤት ውስጥ ንጹሕ ሆኖ ላይቆይ ይችላል። የእናቲቱ ጥንቃቄ በድንቁርና የመጣ አይደለም፤ ፈረቃ ያስተማራቸው ነው።

መንግሥት ይህን ፍላጎት እንዴት ተረዳው? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ሲታወጅ በፋብሪካ ለታሸገ ውኃ 30 በመቶ፣ ለለስላሳ መጠጥ 40 በመቶ፣ ለቢራ 50 በመቶ ጥሎ ነበር። የአዋጁ መግቢያ ታክሱ የሚጣለው በቅንጦት ዕቃዎች፣ ዋጋቸው ቢጨምርም ገዢ በማያጡ መሠረታዊ ዕቃዎችና ጤናን በሚጎዱ ዕቃዎች ላይ መሆኑን ይገልጻል። ቢራው ለምን እንደተካተተ መገመት አይከብድም። ውኃው ከሦስቱ በየትኛው ምክንያት እንደገባ አዋጁ አይናገርም። ቅንጦት ነው ከተባለ የጉለሌዋ ሕፃን የምትጠጣው ውኃ ለምን እንደሚፈላ ማስረዳት ያስፈልጋል። ዋጋው ቢጨምርም ገዢ የማያጣ መሠረታዊ ዕቃ ነው ከተባለ ደግሞ፣ የቧንቧው ጉድለት የታክስ መሠረት ሆነ ማለት ነው። የኋለኛው ለእውነቱ የቀረበ ይመስላል። አዋጁ ከተሻሻለ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ተተክቷል፤ ስሌቱም ከምርት ወጪ ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ተዛውሯል። የታሸገ ውኃ ግን ከዝርዝሩ አልወጣም። በላዩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ተሳለ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውኃው ከአገር ምድር ይወጣል፤ የጠርሙሱ ጥሬ ዕቃና ማሽኑ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ፤ የጭነት መኪናው ነዳጅም እንዲሁ። ለዚህ ነው ከከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚቀዳ ውኃ ዋጋው ከባሕር ማዶ እንደመጣ ዕቃ የሚንቀሳቀሰው። በእህቱ ሱቅ ሰዎች መግዛት አላቆሙም፤ የገዙበትን መንገድ ቀየሩ። በእሽግ ይገዛ የነበረው በነጠላ ገዛ። ለልጆቹ ሁሉ ይገዛ የነበረው ለትንሿ ብቻ ገዛ፤ ትልልቆቹ ወደ ጀሪካኑ ተመለሱ። የሽያጭ መጠን ትንሽ ዝቅ ማለቱን የሚያይ ተንታኝ «ፍላጎት ቀዘቀዘ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የቀዘቀዘው ግን አቅም ነው፤ ሥጋቱ ባለበት ነው።

ምጣኔ ሀብት ምሁሩ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ የናይጄሪያን ባቡር በምሳሌነት አንሥቶ ነበር። ባቡሩ አገልግሎቱ ደካማ ሆኖ ሳለ ለምን አልተሻሻለም? ጥራት የሚያንገበግባቸው፣ ቢቆዩ ኖሮ የሚጮኹት ደንበኞች፣ ወደ ጭነት መኪና ስለሄዱ ነው። የቀሩት መጮኽ የማይችሉት ናቸው። የታሸገ ውኃ በአዲስ አበባ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ባለሥልጣኑ፣ ነጋዴው፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛው፣ ጋዜጠኛው ሁሉም በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ ተደርድሮላቸው ስለ ውኃ አቅርቦት ይወያያሉ። ከውጭ የሚመጣው ወገንም፣ በሚኖርበት አገር ለከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ የሚጽፈው ያው ሰው፣ አገሩ ሲገባ ሦስት ሳምንት ጠርሙስ ጠጥቶ ይመለሳል። ጠርሙሱን መተው አለበት ማለት አይደለም፤ ሆዱን ሊያሳምም ይችላልና። ነገር ግን በየዓመቱ የሚላከው ገንዘብ በየማጀቱ በጠርሙስ ሲበተን፣ ለቀበሌው መስመር ጥገና የሚጠይቅ አንድም ደብዳቤ አይጻፍም።

እንግዳው ይህን ለእህቱ በሚችለው መጠን ሲያስረዳት ሣቀችበት። «ቧንቧው ሳይቋረጥ ቢመጣ እኔ ምን ልሸጥ ነው?» አለችው። ጥቂት ዝም ብላ «ለስላሳ እሸጣለሁ፤ እሱን ሰው የሚጠጣው ወዶ ነው» ብላ ጨመረች።

በሄደ በሦስተኛው ሌሊት ውኃ መጣ። እናቲቱ ተነሥተው በርሜሉን ሞሉ፤ ጀሪካኖቹን ሞሉ። እንግዳው ባዶ ያደረጋቸውን ጠርሙሶች በአመድ አጥበው፣ እስከ አንገታቸው ሞልተው፣ በግድግዳው ጥግ ደረደሯቸው። ሳይከፈቱ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ልጆቹ እንዳይነኩባቸው ወደ ቁም ሣጥን አግብተው ቆለፉባቸው።