ክረምትን የሚሻገር ቅጠል

የግሸን ማርያም ንግሥ መስከረም 21 ነው። ግማደ መስቀሉን ሊሳለም ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ስለ ጠላ አያስብም፤ ማሰብም የለበትም። እኔ ግን በአምባው ግርጌና በአምባሰል ቀበሌዎች እንግዳ የሚቀበሉትን እናቶች ሳስብ፣ ይህ ቀን ለጠማቂ ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ከባዱ ይመስለኛል። ምክንያቱ ጌሾው ነው።

ቁጠሩት። ጠላ ከጥንስሱ እስኪጠጣ ድረስ እንደ አገሩ ሙቀት ከአስር ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ በደጋ ደግሞ ብርዱ መፍላቱን ያዘገየዋል። ለመስቀልና ለግሸን የሚደርስ ጠላ እንግዲህ የሚጠነሰሰው በጳጉሜ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ነው። በዚያ ሰሞን አምባሰል ጭጋግ ውስጥ ነው። ጌሾ ሸምጥጦ ለማስጣት ደረቅ አየር የለም። ስለዚህ በጋኑ ውስጥ የሚገባው ጌሾ በበጋ፣ ግፋ ቢል በግንቦት የደረቀ፣ ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን በቤት ውስጥ የተሻገረ ቅጠል ነው። ብቅሉ ቢያምር፣ አሻሮው በልኩ ቢታመስ፣ ጋኑ በወይራ ቢታጠን፣ ጌሾው በክረምቱ ከተበላሸ ድካሙ ከንቱ ነው።

ቅጠልን ለዓመታት ማቆየት በዓለም ላይ በዝርዝር የተጠና ሙያ ነው፤ የተጠናው ግን በአብዛኛው ለትምባሆ ነው። የኩባ የሲጋር ቅጠል ከደረቀ በኋላ ተከምሮ በራሱ ሙቀት ይብላላል፣ አሞኒያው ይወጣል፣ ከዚያ በዘንባባ ልጥ ተጠቅልሎ ለዓመታት ይቀመጣል። በውጭ አገር በቤታቸው ሲጋር የሚጠቀልሉ ሰዎችም ቅጠላቸውን የሚያስቀምጡት በመለኪያ ነው። የሣጥኑ አየር እርጥበት ከ60 እስከ 65 በመቶ መሆን አለበት። ከ70 በላይ ሲወጣ ሻጋታ ያሰጋል። ብዙ ሲወርድ ቅጠሉ ይሰባበራል፣ ውስጡ የቀጠለው መብሰልም ይቆማል። የትምባሆ ነቀዝ እንዳይፈለፈል ቅጠሉን ለቀናት በበረዶ ማቀዝቀዣ የሚያቆዩም አሉ። ይህን የማነሣው ትምባሆን ለማወደስ አይደለም፤ ትምባሆ ሰው ይገድላል። የምቀናው በጥንቃቄው ነው።

በእኛ ወገን ትምባሆ በክርስቲያኑ ቤት ቦታ አላገኘም። ቤተ ክርስቲያን ትነቅፈዋለች። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም አጥብቀው ከልክለውት ነበር፤ የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር የዘመኑ የውጭ መንገደኞች ጽፈዋል። ንጉሡ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ የጠሩበት ቦሩ ሜዳ ከደሴ ቅርብ ነው፤ የቃላቸው ክብደት ወሎ ላይ እንዴት እንዳረፈ ለመገመት አይከብድም። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ የምናልፋት ሸዋ ሮቢት የትምባሆ እርሻ የነበረባት ናት፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ጃፓን ቶባኮ ከብሔራዊ የትምባሆ ድርጅታችን 40 በመቶውን ብቻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ቅጠል ገንዘብ ሲያመጣ መጋዘን ይሠራለታል፣ ባለሙያ ይቀጠርለታል። ጌሾን ግን የሚጠብቁት እናቶቻችን ናቸው፤ ያለ ደመወዝ።

በሥራው የጌሾ ዘመድ ሆፕ ነው፤ ፈረንጅ ቢራውን የሚያመርርበት አበባ። ሁለቱም ምሬት ይሰጣሉ፣ ሁለቱም መጠጡን ከሚያበላሹ ባክቴሪያዎች ይከላከላሉ። ሆፕ የውኃ መጠኑ ከ8 እስከ 10 በመቶ እስኪደርስ ይደርቃል፣ አየር በሌለው ከረጢት ይታሸጋል፣ በቀዝቃዛ መጋዘን ይቀመጣል፤ ካልሆነ መራራው ንጥረ ነገር ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ በወራት ውስጥ ይመናመናል። የጌሾን ቅጠል ምሬት የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ደግሞ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ከባልደረባቸው ጋር በ1995 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ አሳውቀውታል፤ ስሙንም ጌሾይዲን ብለውታል። ጌሾ ከእኛ እስከ ደቡብ አፍሪካ በዱር ይበቅላል፤ ጠላና ጠጅ ጠምቀውበት የኖሩት ግን የእኛና የኤርትራ እናቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ሀብት ይዘን አቀማመጡን በቃል ብቻ መተዋችን ያንገበግበኛል።

ምክንያቱም ያ የቃል እውቀት ቆሞበት የነበረው ቤት ፈርሷል። በሣር ክዳኑ ቤት እሳት በየቀኑ ይነድ ነበር፤ ጭሱና ሙቀቱ ቆጡን ያደርቀዋል። እዚያ የተሰቀለ ጌሾ ያለ ማንም ሐሳብ ደረቅ ሆኖ ይከርማል። ዛሬ ማድ ቤቱ ለብቻው ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ሌሊት ቀዝቅዞ ጤዛ ያንጠባጥባል፤ ጆንያው ደግሞ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ከሥር እርጥበት ይስባል። የደረቀ ቅጠል ከአየሩ ውኃ መልሶ ይጠጣል፤ እናት አልተሳሳተችም፣ ቤቱ ነው የተለወጠባት። የሻገተውን በፀሐይ መልሶ አስጥቶ መውቀጥም መፍትሔ አይደለም፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በማድረቅም በማፍላትም አይጠፋም። እንዲህ ያለው ጌሾ ይጣል። ያሳዝናል፣ ግን ይጣል።

የምመክረው ይህን ነው። ጌሾውን ፀሐይ በማይመታው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስጡት፤ አረንጓዴነቱ ይቆያል። ደረቀ አልደረቀ የሚለውን በቅጠሉ ገጽ አትፍረዱ፣ ጅማቱን እጠፉት። ጅማቱ ከታጠፈ ውኃ አለው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። እዚህ ላይ ጌሾና ትምባሆ ይለያያሉ፤ የሲጋር ቅጠል እንደ ለፋ ቆዳ ልስልስ ብሎ መቆየት አለበት፣ ጌሾ ግን በእጅ ሲታሽ መፈርፈር አለበት። ከዚያ ሳትወቅጡ አስቀምጡት። የተወቀጠ ጌሾ ገላው ሁሉ ለአየር የተጋለጠ ነው፤ ሽታውም ምሬቱም ቶሎ ይሄዳል። በገበያ የተፈጨውን መግዛት እንደሚቀልል አውቃለሁ፤ ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ወገኖቼም ከሐበሻ ሱቅ ሌላ አማራጭ የላችሁ ይሆናል። ቢቻል ግን ቅጠሉን እንዳለ አስልኩና በጥንስሱ ቀን ውቀጡት።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ክዳኑ የሚገጥም ባልዲ ከጆንያ ይሻላል። ለእህል ማከማቻ በገበያ የሚሸጠው፣ ሁለት የውስጥ ላስቲክ ያለው የፒክስ ከረጢትም ለዚህ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ሥራው አየርና እርጥበትን መከልከል ነውና። ግን አደራ፣ እርጥብ ቅጠል አየር በማይገባበት ዕቃ ከዘጋችሁ ሻጋታውን በእጃችሁ አሳደጋችሁት ማለት ነው። መጀመሪያ መድረቁ ይረጋገጥ። ዕቃው ከወለል ከፍ ይበል፣ ብርሃን አያግኘው፣ የተሸመጠጠበት ወር ይጻፍበት። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝናብ ባቆመበት ቀን ከፍታችሁ አሽትቱት። የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ ለመስቀል አትመኑት፣ ሌላ ፈልጉ።

ጠማቂዎች ያረጀ ጌሾ ጠላውን ቶሎ ያሆመጥጠዋል ይላሉ። ቅጠሉ ባክቴሪያን የመከላከል ኃይሉ ሲዳከም ይህ መድረሱ የሚጠበቅ ነው። በስንት ወር፣ በምን ዕቃ፣ በደጋ ወይስ በቆላ የሚለውን ዩኒቨርሲቲዎቻችን በቁጥር ቢያወጡልን ደስ ይለኛል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከአምባሰል ገበያዎች ሩቅ አይደለም፤ ሥራውም ሚዛን፣ እርጥበት መለኪያና ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

እስከዚያው ግን እናቶቻችሁን፣ አክስቶቻችሁን፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ጌሾውን በየትኛው ወር እንደሚሸመጥጡ፣ የት እንደሚያሰጡ፣ በምን ዕቃ እንደሚያከርሙ፣ መበላሸቱን በምን እንደሚያውቁ ጠይቃችሁ በራሳቸው አነጋገር ጻፉት፤ የቀበሌውን ስም አትርሱ። ከመስከረም በፊት ጀምሩ።