ለማናውቀው ሰው ዋስ ሆንን

ክረምቱን ደጎሎ ሰንብተን ያሰባሰብነውን የአባቶችንና የእናቶችን ጨዋታ ኮምፒውተር ላይ ጻፍነውና፣ እያንዳንዱ ተናጋሪ የትኛውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለ ልንቆጥር ተነሳን። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነን፤ ፕሮግራም የለመድነው የኢንጂነሪንግ ልጆችን ደጅ እየጠናን ነው። ጽሑፉን ቃል በቃል የሚለያይልን በሲ ቋንቋ የተጻፈ አሮጌ ኮድ አገኘንና በራስት ጠቀለልነው።

ራስት 1.0 የተባለው እትሙ በ2007 ዓ.ም. የወጣ ቋንቋ ነው። ስሙ ርስትን ይመስላል፤ ጠባዩም አይርቅም፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ባለቤት ይሻል። ሁለት ክሮች፣ ማለት ጎን ለጎን የሚሮጡ ሁለት ሥራዎች፣ ያለ ቁልፍ አንድ ዕቃ ላይ እንጻፍ ቢሉ ኮምፓይለሩ ገና ከበሩ ይመልሳቸዋል። የሲውን ኮድ ግን ገልጦ አያይም። ከዚያ የመጣ ጥሬ ፖይንተር ከክር ወደ ክር እንዲሻገር የፈለገ ሰው «አንሴፍ» ብሎ መፈረም አለበት፤ «ዋሱ እኔ ነኝ» እንደ ማለት ነው። ፈረምን። ኮምፓይለሩም አመነን። ጥናቱን አስረከብን።

ኋላ ዝርዝሩን ስናገላብጥ፣ ስለ ሰፌድና ስለ አለላ ብቻ ያጫወቱን እናት ሞፈርና ድግር ሲሉ አገኘናቸው! እንዴ! የአራሹ አባት ቃል በእሳቸው ስም ገብቷል። እንደገና ብናስሮጠው ሌላ ቁጥር። ለየክሩ ቁልፍ ብናበጅለትም ጠብ ያለ ነገር የለም።

ጉዱ የወጣው የሲውን ኮድ መስመር በመስመር ስናነብ ነው። ቃል የሚለያየው «ስትርቶክ» የተባለ ተግባር፣ የት እንደ ደረሰ የሚያስታውሰው ለመላው ፕሮግራም በተመደበች አንዲት ስውር ቦታ ነበር። ሁለት ሰው ሁለት መጽሐፍ ይዞ ዕልባቱ ግን አንድ እንደ ማለት ነው። በየመጽሐፉ ላይ ቁልፍ ብንጨምር ምን ዋጋ አለው? ዕልባቱ የጋራ! መድኃኒቱ ወይ ለሁሉም አንድ ቁልፍ ማድረግ፣ ወይም እያንዳንዱ የራሱን ዕልባት ይዞ በሚሄድበት በ«ስትርቶክ አር» መተካት ነው። ሁለተኛውን መረጥን፤ ቁጥሩም ረጋ።

ደጎሎ ላሳደሩን አባት ነገሩን በስልክ ብናጫውታቸው፣ «ልጆቼ፣ ዋስ ስትሆኑ ሰውየውን ታውቁት ነበር ወይ?» አሉን። አናውቀውም ነበር። ለካስ ቋንቋው የሚጠብቀን እኛ እውነት እስከ ተናገርን ድረስ ኖሯል።

ጥናቱን ሄደን መልሰን ወሰድነው። ማርክ ይቀነስባችኋል ተብለናል። ይቀነስ! የእናታችን ቃል ለእናታችን ይመለስ።