የታጁራው ዌል ሻርክ፦ ለደጋ ሰው ቅርብ የሆነው ትልቁ ዓሣ

ዌል ሻርክ በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። መጠኑ ከዓሣ ነባሪ ጋር ቢያስመድበውም አጥቢ እንስሳ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ሻርክ በስንጥብ ይተነፍሳል፣ አካሉንም ደግፎ የያዘው ልም አጥንት ነው። ትልልቆቹ እስከ 18 ሜትር ይረዝማሉ። በሰፊው አፉ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ጥርሶች አሉት፤ ነገር ግን እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ለመንከስም ለማኘክም አያገለግሉትም። የሚመገበው ፕላንክተን የሚባሉትን በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን፣ የዓሣ እንቁላልና ትንንሽ ዓሦችን ነው። ውሃውን በአፉ አስገብቶ በስንጥቡ ሲያስወጣ ምግቡ በማጥለያው ላይ ይቀራል። ዝርያውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1828 በደቡብ አፍሪካ ቴብል ቤይ የተያዘ አንድ ዓሣ መርምሮ የመዘገበው አንድሩ ስሚዝ ነበር።

ባሕር ለሌላት ኢትዮጵያ ይህ ዓሣ በቅርብ የሚገኘው በጅቡቲ ነው። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ምዕራብ ገብቶ የጅቡቲን ምድር ለሁለት የሚከፍለው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በየዓመቱ ዌል ሻርኮች ይሰባሰቡበታል። ብዙ ጊዜ የሚታዩት ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ በአርታ ባሕር ዳርቻ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያም አልፎ ባሕሩ በጠባብ በር ወደ ውስጥ በሚገባበት በጉቤት በኩል ይገኛሉ። ዋናው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የጤፉ አጨዳና ውቂያ የሚደራው በዚሁ ጊዜ ነው።

የሁለቱ ወቅቶች መገጣጠም ምክንያት አለው። ጎጃምን በክረምት የሚያረሰርሰው ዝናብ በአመዛኙ ከደቡብ ምዕራብ ከሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ጋር ይመጣል። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከሰሜን ምሥራቅና ከምሥራቅ መንፈስ ይጀምራል። ደጋው ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ይኸው የወቅት ለውጥ በኤደን ባሕረ ሰላጤ የባሕሩን የላይኛውን ውሃ አቀዝቅዞ ከታችኛው ጋር ያደባልቀዋል። ከሥር የወጣው ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያገኝ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት ይራባሉ፤ እነርሱን የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት ይከተላሉ፤ ዌል ሻርኩም ማዕዱ ወደ ተዘረጋበት ይመጣል።

በታጁራ የሚሰባሰቡት አብዛኞቹ ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው። ተመራማሪው ዴቪድ ሮዋትና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ባካሄዱት ጥናት በአካባቢው ያገኟቸው ዓሦች ርዝመት በአማካይ ከ4 ሜትር ያነሰ ነበር። ሴቶቹና የጎለመሱት በብዛት የማይገኙበት ይህ ሁኔታ በሌሎች የዓለም መሰብሰቢያዎችም ይታያል። ስለዚህ በአውቶቡስ የሚመሰል ግዙፍ ዓሣ አያለሁ ብሎ የሄደ ሰው የሚያገኘው ገና በማደግ ላይ ያለ ጎረምሳ ነው። ይህም ቢሆን ከሰው ቁመት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። የመመገብ ኃይሉም ቀላል አይደለም፤ በሜክሲኮ ዩካታን አቅራቢያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት 4.4 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዌል ሻርክ በውሃው ገጽ ላይ ሲመገብ በሰዓት 326 ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚያጠልል ገምቷል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ታጁራ የሚደረገው ጉዞ ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላ መሻገር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። መንገደኛው በደጀን በኩል ወደ አባይ በረሃ ወርዶ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ እንደገና ወደ ደጋ ወጥቶ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ርቀቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት ያህል በረራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም ከፉሪ ለቡ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል። ጉዞው ድንበር ተሻጋሪ ስለሆነ ፓስፖርትና የቪዛ ጉዳይ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። በበጋ ወራት የጅቡቲ ሙቀት ለደጋ ሰው የሚቻል ነው፤ ከግንቦት ወዲያ ግን ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ አይመከርም።

የጀልባ ጉዞው በማለዳ ይጀምራል። አንዳንዶቹ ጀልባዎች ከጅቡቲ ከተማ ይነሣሉ፤ በመኪና እስከ አርታ ዳርቻ ሄዶ ከዚያ መሳፈርም ይቻላል። በጠዋት ነፋሱ ጸጥ ያለና ባሕሩ የተኛ ስለሚሆን ዓሣውን ከሩቅ ለመለየት ይመቻል። ጀልባ ነጂው በዳርቻው ትይዩ በዝግታ እየሄደ የውሃውን ገጽ ያያል። የሚፈልጋቸው ምልክቶች ከውሃው በላይ ብቅ የሚል የጀርባ ክንፍ፣ ከሥር የሚንቀሳቀስ ጥቁር ጥላ፣ ወይም አፉን ከፍቶ የሚመገብ ዓሣ የሚፈጥረው ትንሽ አዙሪት ናቸው። ፍለጋው አንዳንዴ ቶሎ ይሠምራል፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዓሣው የዱር እንስሳ ነውና ቀጠሮ የለውም፤ ታማኝ አስጎብኚ ፍለጋውን እንጂ ግኝቱን ዋስትና አድርጎ አይሸጥም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። አፍንጫንም የሚሸፍን የዋና መነጽር፣ የመተንፈሻ ቱቦ፣ በእግር የሚጠለቅ መቅዘፊያና ላይፍ ጃኬት ይበቃሉ። ዋናተኛው ፊቱን ውሃ ውስጥ አድርጎ በገጹ ላይ ይንሳፈፋል፣ በቱቦው ይተነፍሳል፤ ወደ ጥልቁ አይወርድም። በወንዝና በሐይቅ ዋና የተማረ ሰው የባሕሩ ጨው አካልን ወደ ላይ ስለሚደግፍ መንሳፈፍ ይቀለዋል። የሚከብደው በአፍ ብቻ መተንፈስን መልመድ ነው። ይህን ዳር ላይ፣ ውሃው ደረት በማያልፍበት ቦታ መለማመድ ይገባል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቱቦ የነከሰ ሰው ጥልቅ ባሕር መካከል ቢገባ ድንጋጤው ከዓሣው ይልቅ ይጎዳዋል። ዋና የማይችል ሰው ጀልባው ላይ ሆኖ መመልከት ይችላል፤ ዓሣው በገጹ አጠገብ ስለሚመገብ ከጀልባም በደንብ ይታያል።

ወቅቱ ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥም ጾመኛ ተጓዥ በጀልባ ለሚቀርበው ምሳ አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል፤ አለዚያ የሚጠብቀው ዶሮ ወይም ዓሣ ይሆናል። ፀሐይ ጀርባን ስለምታቃጥል እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ከፀሐይ መከላከያ ቅባት ይሻላል፤ ቅባቱ ታጥቦ ዓሣው በሚያጠልለው ውሃ ላይ ይቀራል።

ዓሣው ሲገኝ ጀልባ ነጂው ከኋላው አያሳድደውም። ከሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቀድሞ ይቆማል፤ ሞተሩንም ያቀዘቅዛል። አስጎብኚው ምልክት ሲሰጥ ዋናተኞቹ ሳይዘሉና ውሃውን ሳያንቦጫርቁ ቀስ ብለው ይገባሉ። ዌል ሻርክ ሲዋኝ ፍጥነቱ ከእግረኛ ርምጃ ብዙ አይበልጥም፤ ቢሆንም የጅራቱን አንድ ምት ለመከተል ሰው በኃይል መቅዘፍ አለበት። ከጎኑ ትይዩ ሆኖ መዋኘት ትክክለኛው ቦታ ነው። ከፊቱ መቆም መንገዱን ይዘጋበታል፣ ከኋላው መጠጋት ደግሞ በጅራቱ ያስመታል።

ከውሃው በታች የሚጠብቀው ትዕይንት በፖስትካርድ ከሚታየው ይለያል። ዓሣውን ወደዚያ የሚስበው ፕላንክተን ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ በወፍራሙ አረንጓዴ ውስጥ ዓሣው የሚታየው አጠገብ ሲደርስ ነው። መጀመሪያ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ ቀጥሎ ሰፊው ራስ፣ ከዚያም ረጅሙ ጎን ያልፋል። ሲመገብ አንዳንዴ ጅራቱን ወደ ታች ጥሎ ቀጥ ብሎ ይቆምና አፉን ወደ ገጹ አቅንቶ ውሃውን ይስባል። በዚያን ጊዜ ዋናተኛ ብዙ ሳይደክም ለደቂቃዎች ሊያየው ይችላል። ሲበቃው ወደ ጥልቁ ይሰወራል። ከ1,900 ሜትር በላይ እንደሚጠልቅ በመከታተያ መሣሪያ ስለተመዘገበ ተከትሎ መውረድ የሚታሰብ አይደለም።

ለዚህ ጉብኝት በስፋት አርአያ የሚሆነው በምዕራብ አውስትራሊያ ኒንጋሉ የሚሠራበት ደንብ ነው። በዚያ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓሣ ጋር ውሃ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ከ10 መብለጥ የለባቸውም፤ ከራሱና ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ መንካትና በፍላሽ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። በተቃራኒው በፊሊፒንስ ኦስሎብ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ዓሦቹን በእጅ እየመገቡ ማሳየት ተለምዷል። ጎብኚው ዓሣውን ሳያጣ ይመለሳል፤ ዓሦቹ ግን ምግብ ከጀልባ መጠበቅ ለምደዋል፣ ጀልባን መጠጋትም ያቆስላቸዋል። የታጁራ ጉብኝት ዋጋ ያለው ዓሣው በራሱ ምክንያት መጥቶ በራሱ ፈቃድ ሲሄድ ነው።

ይህን ማክበር የጣና ጀልበኞች ከሚያውቁት ሥርዓት የራቀ አይደለም። ከባሕር ዳር ተነሥተው አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ጎብኚ የሚወስዱ ጀልባዎች ጉማሬ ሲያዩ ርቀው ይቆማሉ። ልዩነቱ በማን ደኅንነት ላይ ነው፤ ከጉማሬ መራቅ ሰውን ያድናል፣ ከዌል ሻርክ መራቅ ዓሣውን። የማያስፈራ እንስሳ ፊት ራስን መግታት ስለሚከብድ ደንቡን የሚያስከብር አስጎብኚ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በደንቡ መሠረት የተነሣ ፎቶ ከማስታወሻነት አልፎ ለሳይንስም ይጠቅማል። በእያንዳንዱ ዌል ሻርክ ጎን ላይ ያሉት ነጠብጣቦች አቀማመጥ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከሌላው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች የከዋክብትን ምስል ለማነጻጸር የተሠራ የስሌት ዘዴ ነጠብጣቦቹን ለመለየት ተጠቀሙበት። ከዚያ ወዲህ ጎብኚዎች ከስንጥቡ በስተኋላ ያለውን ጎን አንሥተው ወደ ዓለም አቀፉ የመረጃ ቋት ሲልኩ፣ አንድ ዓሣ ከዓመት ወደ ዓመት ተመልሶ መምጣቱን ማወቅ ተችሏል።

መረጃው የሚፈለገው ዝርያው በአደጋ ላይ ስለሆነ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ዌል ሻርክን ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ቁጥሩ በ75 ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ ተገምቷል። ለሥጋውና ለክንፉ ሲታደን ቆይቷል፣ ለሌላ ዓሣ በተጣለ መረብም ይያዛል። ዕድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ የጠፋውን ቶሎ አይተካም። በፓኪስታን የተገኘ አንድ ዓሣ ልም አጥንት ሲመረመር 50 ዓመት የኖረ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በታይዋን የተያዘች እናት በሆዷ 300 ያህል ጽንሶች ነበሯት፤ ከእነዚህ ስንቱ እንደሚያድግ ግን ለመቁጠር አዳጋች ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ማደንን በሕግ ከልክላለች፤ ዓለም አቀፍ ንግዱም ከ2003 ጀምሮ በቁጥጥር ሥር ነው።

አደን እየቀነሰ ሲመጣ ሌላ አደጋ ጎልቶ ወጣ፤ እርሱም መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ወደ 350 የሚጠጉ ዌል ሻርኮችን በሳተላይት ተከታትሎ፣ የሚዋኙበት ስፍራ ከትልልቅ መርከቦች መንገድ ጋር በሰፊው እንደሚደራረብና የብዙዎቹ ምልክት የሚቋረጠው መርከብ በሚበዛበት ቦታ እንደሆነ አሳይቷል። በታጁራ ከተመዘገቡት ዓሦች መካከልም የጀልባ ግጭት ጠባሳ ያለባቸው አሉ።

ይህ ጉዳይ ጎጃምንም ይነካል። ለጤፉና ለስንዴው የሚመጣው ማዳበሪያ በመርከብ ተጭኖ በዚሁ ባሕር በኩል ጅቡቲ ወደብ ይራገፋል፤ ከዚያ በከባድ መኪናና በባቡር ወደ መሀል አገር ይገባል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ የሚያልፈው በዚህ ወደብ ነው። ገበሬው ማዳበሪያውን፣ ዓሣውም ባሕሩን ስለሚሹ ወደቡን መተው አማራጭ አይሆንም። ሊደረግ የሚችለው ዓሦቹ በሚበዙባቸው ወራትና ቦታዎች የመርከብና የጀልባ ፍጥነት መቀነስ፣ መንገድን ትንሽ ማራቅና የአስጎብኚ ጀልባዎችን ቁጥር መወሰን ነው። ለዚህ አቅም የሚሆነውም ጎብኚው ነው፤ ደንብ የሚያከብር አስጎብኚ መርጦ ሲከፍል በሕይወት ያለ ዓሣ ለአካባቢው ሰው የገቢ ምንጭ ይሆናል።

ወደ ደጋው መመለስን በተመለከተ አንድ የሚታወቅ ልዩነት አለ። የታመቀ አየር በሲሊንደር ይዘው ወደ ጥልቁ የሚጠልቁ ጠላቂዎች በደማቸው የተሟሟው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ከመብረራቸው ወይም ወደ ከፍታ ከመውጣታቸው በፊት ከ12 ሰዓት እስከ አንድ ቀን መቆየት አለባቸው። በገጹ ላይ በቱቦ እየተነፈሰ የዋለ ሰው ግን የሚስበው ያልታመቀ አየር ስለሆነ ይህ አይመለከተውም፤ ጠዋት ዌል ሻርክ አይቶ በዚያው ዕለት ወደ አዲስ አበባ መብረር፣ በማግሥቱም አባይን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ መግባት ይችላል።