ስካነሩን በሱዶ አትክፈቱት

ዛሬ ከፍኖተ ሰላም የተነሳው «ስካነሬ ሊኑክስ ላይ አይታይም» የሚል ጥያቄ ቡሬ ደርሶ እስኪመለስ መልሱ አንድ ብቻ ሆኖ ዋለ፦ «በሱዶ ክፈተው፣ ይሠራል»። አዎ፣ ሱዶ ትእዛዙን በማሽኑ የበላይ ተጠቃሚ በሩት ሥልጣን ስለሚያስኬደው ይሠራል። ግን መሥራቱ የሕመሙን ምንጭ ያሳያል እንጂ አያድነውም። የተሰኩ የዩኤስቢ ዕቃዎችን የሚዘረዝረው ኤልኤስዩኤስቢ ስካነሩን እያሳየ፣ የስካን ትእዛዙ ስካንኢሜጅ በተራው ተጠቃሚ ስም ሲጠየቅ ምንም አላገኘሁም ብሎ በሱዶ ሲጠየቅ ካገኘው፣ ገመዱም ድራይቨሩም ደህና ናቸው፤ የጎደለው ፈቃድ ነው። በሱዶም ካልታየ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ፈቃድ ላይ መልፋት ከንቱ ድካም ነው።

ሊኑክስ የተሰካውን ዕቃ ሁሉ ባለቤትና ቡድን ያለው ፋይል አድርጎ ያየዋል። ስካነሩ በተነቀለና በተሰካ ቁጥር ፋይሉ በሌላ ቁጥር አዲስ ይፈጠራል። ስለዚህ ጠዋት ፈቃድ በሚቀይረው በቼሞድ ትእዛዝ ለሁሉም የተከፈተው ስካነር መብራት ሄዶ ሲመጣ ተመልሶ ዝግ ነው። በሱዶ የተነሳው ምስል ደግሞ ባለቤቱ ሩት ስለሚሆን የቢሮው ጸሐፊ ራሷ ያነሳችውን ወረቀት ማረም አትችልም። ለማረምም ሱዶ፣ ለሌላውም ሱዶ ይባልና የማሽኑ ሙሉ ሥልጣን በሁሉም እጅ ይገባል።

ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ የሚያቅተኝ የሚነሳው ወረቀት ምን እንደሆነ ሳስብ ነው። የባልና የሚስት ፎቶ ያለበት የመሬት ደብተር ነው! አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን ጎጃም ደጋ ዳሞት ላይ ርስትን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገበሬው መሬት የሚጠይቀው የትውልድ ሐረግ እየቆጠረ፣ እየተከራከረ እንደነበር እናነባለን። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ያመፀው ለገንዘቡ ብቻ ብሎ አልነበረም፤ ዛሬ የሚለካ ነገ ርስቴን ይነጥቀኛል ብሎም ነው። መንግሥት ጦር ላከ፣ በኋላ ግን ግብሩን ተወው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ደብተሩን በአደራ ሲሰጥ፣ ምስሉን ማን እንዳነሳው የማይታወቅበት ማሽን ሊጠብቀው አይገባም። በሩት ስም የተቀመጠ ፋይል የማንም ነው።

«ገበሬው ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ደጅ ቆሟል፣ ጊዜ የለም» ትላላችሁ። እውነት ነው። ትክክለኛው መንገድ ግን አንድ መስመር ነው። ሴን ከሚባለው የሊኑክስ የስካነር ሶፍትዌር ጋር የሚመጡት ደንቦች ብዙ ስካነሮችን ያውቃሉ፤ የእናንተን ካላወቁት የአምራቹንና የሞዴሉን መለያ ቁጥር የያዘ የዩዴቭ (ሊኑክስ ዕቃ ሲሰካ ፈቃዱን የሚወስንበት) ደንብ ጻፉና ማሽኑ ፊት ለተቀመጠው ሰው የሚፈቅደውን ዩአክሰስ የሚባል ምልክት ጨምሩበት። የፋይሉ ስም ከ73 ባነሰ ቁጥር ይጀምር፣ አለዚያ ምልክቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ከሌላ ማሽን በኔትወርክ የሚገባ ሰው ካለ ደንቡ ስካነር ለሚባለው ቡድንም እንዲፈቅድ አድርጉና ሰውየው በዚያ ቡድን ይመዝገብ፤ ወጥቶ እንደገና እስኪገባ ግን አይቆጠርለትም።

«ዊንዶውስ ጫንና ተገላገል» ለሚሉም፦ አምራቹ የተወው አሮጌ ስካነር አዲስ ዊንዶውስ ላይ ድራይቨር ፍለጋ ያንከራትታል፣ ፍለጋው ደግሞ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ። የዩዴቭ ደንብ ግን ምንም አይወርድለትም፤ በጽሑፍ ማረሚያ ተጽፎ ያልቃል።

እባካችሁ፣ ጠያቂውን ሁለቱን መለያ ቁጥሮች ጠይቁትና ደንቡን ጻፉለት።