ዝም ያለው ማን ነበር?

አራት ነን። አንዱ አዲስ አበባ በገና ይደረድራል፤ አንዷ በርሊን በኮምፒውተር ድምፅ ታቀናብራለች፤ ሌላው ቴል አቪቭ ከበሮ ይመታል፤ እኔ ደግሞ ዋሽንግተን ተቀምጬ ከክራር የማወጣውን ጩኸት ሙዚቃ ነው እላለሁ። አራታችንም በአንድ ክፍል ተገናኝተን አናውቅም። ከእኔ የፖለቲካ ሐተታ የለመዳችሁ አንባብያን «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ታገሡኝ፤ መዳረሻችን እዚያው ነው።

ተራርቆ መጫወት አዲስ ነገር አይደለም። «ዘ ሃብ» የተባለው የካሊፎርኒያ የኮምፒውተር ሙዚቀኞች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1987 ኒው ዮርክ ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ኮምፒውተሮቹን በስልክ መስመር አገናኝቶ ተጫውቷል። አህጉር ሲሻገሩ ግን ተፈጥሮ ራሷ ትከለክላለች። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በቀጥታ ቢለካ እንኳ 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ የበገናው ድምፅ ምንም ሳያሰናክለው ቢመጣ ከ57 ሚሊ ሰከንድ በፊት ጆሮዬ አይደርስም። ምት ጠብቆ አብሮ ለመጫወት ደግሞ መዘግየቱ ከ25 እና 30 ሚሊ ሰከንድ ባያልፍ ይመረጣል። ስለዚህ እኛ አብረን አንጫወትም፤ እንቀባበላለን። አንዱ ቀርጾ ይልካል፤ ቀጣዩ የራሱን ይደርብበታል፤ እንደ ዕቁብ ተራው እየዞረ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሙሉ በሙሉ እስኪመለስም ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ተራው የበገናው ነበር። በስልክ ደኅንነቱን ካረጋገጥን በኋላ፣ እኛ ውጭ ያለነው ሦስታችን ረቀቅን፤ የእርሱን አራት ደቂቃ ባዶ ትተን ሥራውን ጨረስነው። ዝምታው ራሱ ተቃውሞ ነው ተባባልን። እኔማ በሐሳቡ እጅግ ኮርቼ ነበር።

መስመሩ ሲመለስ ላክንለት። በማግስቱ መልስ ጻፈ፤ «ዝም አለ ያላችሁት ማንን ነው?» አብሮ አሥራ ሰባት ቅጂ አያይዞ ነበር። መብራት ካልጠፋ በቀር ማታ ማታ ሲደረድር ሰንብቷል። ከእንዚራው ንዝረት ጀርባ ቆርቆሮ የሚደበድብ የክረምት ዝናብ ይሰማል፤ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ የእናቱ ሳል ይሰማል። «እኔ ስጫወት ነበር፤ ያልሰማችሁት እናንተ ናችሁ። የራሳችሁን አለመስማት የእኔ ዝምታ አላችሁት» ሲል ደመደመ።

መልስ አልነበረኝም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የአጭር ጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ በነበረበት ጊዜም «ሕዝቡን ዝም አሰኙት» እያልኩ የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ሕዝቡ ግን በታክሲው፣ በለቅሶ ቤቱ፣ በቡናው ዙሪያ ሲናገር ነበር። መስመር የሚቆርጥ ባለ ሥልጣን የሰውን አንደበት አይዘጋም፤ የሚዘጋው የሌላውን ጆሮ ነው። እኛ ውጭ ያለነው ደግሞ የተዘጋው ጆሯችን መሆኑን ረስተን፣ አንደበት አጥቷል ላልነው ሕዝብ ቃል አቀባይ ሆነን እንቀመጣለን።

ከዚህም የከፋ የምናዘዘው አለኝ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። አገልግሎቱ በአብዛኛው መመለስ የጀመረው ከጥቅምት 23 ቀን 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። ለሦስት ሳምንት መቋረጥ ዜማ ያበጀን እኛ፣ ለሁለት ዓመቱ አንዲት ክር እንኳ አልነካንም። «ነገሩ ውስብስብ ነው» ተባባልን፤ ወዳጅ እንዳይቀየመን ፈራን። የእኔን መስመር ማንም አልቆረጠውም ነበር። ስልኬ ይሠራል፤ ክራሬም ተቃኝቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ዘመን ዝም ያለው ሰው ማን እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ።

ሥራውን እንደገና ሠራነው። በባዶው አራት ደቂቃ ፈንታ አሥራ ሰባቱን ቅጂዎች አስገባን፤ ሳሉንም ዝናቡንም ሳንነካ። ርዝመቱ ከቀድሞው እጥፍ በላይ ሆነ፤ ምቱም ከእኛ ጋር አልገጠመም። እንዲገጥም አላስገደድነውም።

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚሉት ስለሚታማ ሰው ነው። እኔ ግን ስለ ራሴ ተረድቼዋለሁ።

ቸር ያሰማን፤ ለመስማትም ያብቃን።