በራሴ እግር

ለንደን፣ ሰኞ ታኅሣሥ 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ መላክ ሕጋዊ ነው ብሎ ዛሬ ፈረደ። ዜናውን የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጉልበቴ ከዳኝ፤ መውረጃዬ ሲያልፍ ዝም ብዬ አየሁት። የከሳሾቹ የስምንት ሰዎች ጉዳይ ግን እንደገና እንዲታይ ታዟል። ያቺን ትንሽ ተስፋ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ ታኅሣሥ 14

ድንበር ላይ ፓስፖርት የሚያዩት የኢሚግሬሽን ሠራተኞች አድማ ተጀመረ። ሂትሮው፣ ጋትዊክ፣ በርሚንግሃም፣ ካርዲፍ፣ ግላስጎ፣ ማንቸስተር፤ ከወደብ ደግሞ ኒውሄቨን። አንድ ሺህ ያህል ሰው ነው ሥራ ያቆመው። አድማውን የጠራው ፒሲኤስ የሚባለው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር ነው። ኑሮው እንዲህ በተወደደበት ዓመት ደመወዝ የተጨመረላቸው 2 በመቶ ነው፤ እነሱ 10 ይላሉ። በቦታቸው ወታደሮች ተቀምጠዋል።

አድማው እስከ 17 ይቆይና ከ19 እስከ 22 እንደገና ይቀጥላል። እማዬ የምትገባው በ19 ነው! የእንግሊዝ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዘ በማሽኑ በር ያልፋል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ሰው ፊት መቅረቡ ግድ ነው። ደውዬ ቀኑን እንቀይረው ብላት፣ «በገብርኤል ቀን ማን ይነካኛል?» አለችኝ።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 15

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የፈረንሳዩ ካሌ ትዝ አለኝ፣ የጭነት መኪናው ሆድ፣ የውሻው ጩኸት። ዶቨር ላይ በሩን የከፈተው የኢሚግሬሽን ሰው መጀመሪያ ያቀበለኝ ውኃ ነበር። ቢሆንም የደንብ ልብሱን ባየሁ ቁጥር ዛሬም ሆዴ ይርዳል።

ባለፈው ዓመት ኅዳር 15 በካሌና በዶቨር መካከል ባለው በዚያው ባሕር ላይ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ቢያንስ 27 ሰው አለቀ፤ ከመካከላቸው የኛም ሀገር ልጅ ነበረበት። መንግሥት ግን በዚያ ሰሞን የሚያስበው ጀልባዎቹን ባሕር ላይ እየገፉ ወደ ፈረንሳይ ስለ መመለስ ነበር። ገፊዎቹ እነዚሁ ሠራተኞች ሊሆኑ ነበር። ማኅበራቸው እንቢ አለ። ስደተኞችን ከሚረዱ ድርጅቶች ጋር ሆኖ መንግሥትን ከሰሰ። ጉዳዩ ሊሰማ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሚያዝያ ላይ፣ መንግሥት ዕቅዱን ተወ። በሩዋንዳውም ጉዳይ ሰኔ ላይ ፍርድ ቤት ከቆሙት አንዱ ይኸው ማኅበር ነው።

ለአባላቱ ብሎ ነው ወይስ ለኛ? እያልኩ ስጠይቅ ነበር። አሁን ሳስበው ሁለቱን መለየት አይቻልም። ጀልባ የሚገፋው እጅ የደመወዝተኛ እጅ ነው፤ ያ እጅ ከደም ሲጠበቅ በጀልባው ያለው ልጅም ይተርፋል። ሠራተኛ ብቻውን «ይህን አላደርግም» ቢል እንጀራውን ያጣል። ማኅበር ያለው ግን አብሮ ይላል።

ረቡዕ ታኅሣሥ 19

እማዬ ገባች! ከፈራሁት በላይ ፈጥና ወጣች። «ያየኝ ወታደር ነው፣ ገና ልጅ ነው» አለችኝ፣ ጉንጬን እያገላበጠች ስትስመኝ።

ውጭ ካፊያው ውስጥ አድመኞቹ ሰሌዳ ይዘው ቆመዋል። «እነዚህ ምን ሆነው ነው?» አለች። የደመወዙንም የጀልባውንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ሻንጣዋን ከፈተች። ለገብርኤል የጋገረችውን ዳቦ አውጥታ ሰፋ አድርጋ ቆረሰች፤ «ውሰድላቸው፣ ብርድ ላይ ናቸው» አለችኝ።

ወሰድኩላቸው። ፓስፖርት የሚያይ ሰው ወዳለበት፣ ሳልጠራ፣ በራሴ እግር ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።