ከፍለን የምንጨርሰው ቅጣት አይደለም

ጆሃንስበርግ ጄፒ ስትሪት ቡና የሚጠጣ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም፦ «እከሌ ቅዳሜ ማታ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ጣቢያ አደረ። ግድ የለም፣ ቅጣቱን ከፍሎ ይወጣል።» ተናጋሪው ለማጽናናት ነው፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን ያለቦታው መኪና ያቆመ ሰው ከሚከፍለው ቅጣት ጋር ይህን አንድ ላይ መቁጠር ብዙ ወገኖቻችንን ጎድቷል። ጠጥቶ ማሽከርከር እዚህ ደቡብ አፍሪካ ወንጀል ነው። አሻራ ይነሳሉ፣ ዶሴ ይከፈታል፣ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።

የ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 65 ሁለት ዓይነት ክስ ይዟል። አንዱ በመጠጥ ወይም በዕፅ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ መንዳት ነው። እዚህ ቁጥር አያስፈልግም፤ አነዳድ፣ አረማመድ፣ የአፍ ሽታና አነጋገር ይመሰክራሉ። ሁለተኛው የልክ ጉዳይ ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.05 ግራም አልኮል ከተገኘ ያስከስሳል። የሕዝብ ማመላለሻ ወይም ከባድ ጭነት ለመንዳት የባለሙያ ፈቃድ የያዘ ሰው ደግሞ ወሰኑ 0.02 ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላም አለ። ጠጥቶ በሕዝብ መንገድ ላይ ሞተሩ እየሠራ ሹፌር ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻውን ወንጀል ነው። በሐምሌ ብርድ «አልነዳሁም እኮ፣ ሂተር ከፍቼ ትንሽ ላሸልብ ነው» ማለት አያድንም።

የሰርግና የክርስትና ድግሶቻችን ጠጅና አረቄ ደግሞ ምን ያህል አልኮል እንደሚይዝ የጠመቀችው ባለሙያም አታውቅም። ጉበት አልኮልን የሚያጠፋው በሰዓት 0.015 ገደማ ነው፤ ቡናም ቀዝቃዛ ውሃም አያፈጥኑትም። እኩለ ሌሊት ላይ 0.15 የነበረ ሰው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሎኬሽን ያለውን ሱቁን ሊከፍት ሲነሳ ገና 0.06 አካባቢ ላይ ነው። ተኝቶ ተነስቷል፣ ፊቱን ታጥቧል፣ በሕጉ ፊት ግን ሰክሯል።

«ደሜን ካልወሰዱ ምንም አያመጡም» የሚሉ አሉ። እነሱ የዳኛ ንኮላ ሞታታን ታሪክ ቢያነቡ ጥሩ ነው። የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ጥር 2007 (እ.ኤ.አ.)፣ እኛ ገናን ልንቀበል በተዘጋጀንበት ሰሞን፣ ጃጓራቸውን እዚሁ ጆሃንስበርግ ኸርሊንግሃም የአንድ ቤት አጥር ላይ አላተሙት። የቤቱ ባለቤት በሞባይሉ ድምፅ ቀዳ። በ2009 ጥፋተኛ ሲባሉ ፍርዱ የቆመው በምስክሮችና በዚያ ቅጂ ላይ ነው። ቅጣቱ 20,000 ራንድ ወይም 12 ወር እስር ነበር። «ከፍሎ ይወጣል» የሚለው ሰው እዚህ ላይ ልክ ነኝ ሊል ይችላል። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በቦታው የተናገሩት የዘረኝነት ቃልና በችሎት ያቀረቡት ሐቀኝነት የጎደለው መከላከያ ሲመረመር ኖሮ በ2024 ፓርላማው ከዳኝነት እንዲነሱ ድምፅ ሰጠ። ከአጥሩ እስከዚያ 17 ዓመት። የሕግ እውቀት፣ ጠበቃና ገንዘብ ያልጎደለው ሰው ነው ይህን ያየው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ የሚጀምረው ከሮድብሎክ ነው። መንገድ ላይ የሚነፋው መሣሪያ ለመለየት ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ነርስ ወይም ሐኪም የሚወስደው ደም ነው፣ እሱም ተነድቷል ከተባለበት ሰዓት በ2 ሰዓት ውስጥ ሲቀዳ ነው ሕጉ ክብደት የሚሰጠው። ደም አልሰጥም ማለት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ከዚያ እስር ቤት፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ወይም ከዚያ በፊት በጣቢያ ዋስትና መውጣት።

ወጥመዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ይዘገያል። ዓቃቤ ሕግ ውጤቱ እስኪመጣ ክሱን ለጊዜው ያነሳል። ወንድማችን «ተዘጋ» ብሎ በግ ያርዳል። ከወራት በኋላ ውጤቱ ሲደርስ መጥሪያ ይወጣል፤ አድራሻ ቀይሮ ከሆነ መጥሪያውን አያየውም፣ ባለመቅረቡም ማዘዣ ይወጣበታል። እንዲህ ያለውን ክስ የመመሥረት መብት የሚያበቃው በ20 ዓመት ነው።

ከፍተኛው እስራት 6 ዓመት ነው። መንጃ ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያንስ 6 ወር፣ ለሁለተኛ ጊዜ 5 ዓመት፣ ከዚያ በላይ 10 ዓመት ይታገዳል። እኛን የበለጠ የሚነካን ግን የወንጀል መዝገቡ ነው። የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ ወደ ሌላ አገር ቪዛ ሲጠየቅ የፖሊስ ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ መዝገቡን ለማሰረዝ፣ ያውም ቅጣቱ ቀላል ከሆነ፣ 10 ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። ለወረቀት ስንት ሌሊት ተሰልፎ ያደረ ሰው ይህን በሁለት ኳርት ቢራ ሲያበላሽ ማየት ያናድዳል።

ሰው የተጎዳ እንደሆነ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። የመንገድ አደጋ ፈንድ ለተጎጂው ይከፍላል፤ የአደጋው ብቸኛ ምክንያት የሹፌሩ ስካር ከሆነ ግን ገንዘቡን ከሹፌሩ ላይ የመጠየቅ መብት አለው። የመኪና ኢንሹራንሱም በስካር የደረሰ ጉዳትን አልከፍልም ይላል። በ2010 ሶዌቶ ውስጥ ጃብ ጃብ የሚባለው ዘፋኝና ጓደኛው በዕፅ ተጽዕኖ ሥር ሆነው ሲሽቀዳደሙ አራት ተማሪዎች ሞቱ። መጀመሪያ የተፈረደባቸው በነፍስ ግድያ 25 ዓመት ነበር፤ በ2014 በይግባኝ ወደ ቸልተኝነት ተለውጦ 10 ዓመት ሆነ። በ2017 በአመክሮ ወጡ። የልጆቹ ወላጆች ምን እንደተሰማቸው አልጽፍም።

«ለኮልድ ድሪንክ» እያለ ጉቦ የሚጠይቅ መኮንን እንዳለ እናውቃለን። የሰጠም የተቀበለም እኩል ወንጀለኛ ነው፤ መኮንኑ ሐቀኛ ከሆነ ደግሞ አንዱ ክስ ሁለት ይሆናል።

የተያዘ ሰው ካለ፦ ዝም የማለት መብት አለ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው በሊጋል ኤይድ እንዲመደብለት መጠየቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በሚገባን ቋንቋ ወይም በአስተርጓሚ እንድንዳኝ ይደነግጋል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቃል ገብቶናል ብሎ መፈረም አያስፈልግም። «አማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ መጠየቅ ችሎቱን በቀጠሮ ሊያራዝመው ይችላል። ይራዘም።